ፕሪንተሩ አልተበላሸም፣ ኮማንዱን እዩት

ሌብል ፕሪንተር ላይ በጣም የሚያበሳጨኝ ዝምታው ነው። ሌላ ፕሮግራም ሲሳሳት ቢያንስ ኤረር ይሰጣል፣ ዜድፒኤል (የዜብራ ሌብል ፕሪንተሮች የሚታዘዙበት ቋንቋ) ግን ያልገባውን ኮማንድ ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ ወይ ባዶ ሌብል ይተፋል ወይ ጭራሽ ንቅንቅ አይልም፣ እናንተ ደሞ ኬብል ስትነቅሉ ስትሰኩ ትውላላችሁ። እኔ ሙሉ ቀን እንደዛ ውዬ አውቃለሁ፣ ለካ ኤክስዜድ የሚባለውን ኮማንድ ረስቼው ነው። ኤክስኤ ሌብሉን ይከፍታል ኤክስዜድ ይዘጋል፣ ካልዘጋችሁት ፕሪንተሩ ገና የሚመጣ አለ ብሎ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ኮዱ ራሱ ጽሑፍ ሆኖ ሌብሉ ላይ ከወጣላችሁ ደሞ በድራይቨር በኩል እንደ ዶክመንት ልካችሁታል ማለት ነው። ጥሬው መሄድ አለበት፣ ኔትወርክ ላይ ያለ ከሆነ በፖርት 9100 ቀጥታ መላክ ይቀላል።

ቀጥሎ ልኬት። ሁሉ ነገር በዶት (ፕሪንተሩ በሚያትማቸው ነጥቦች) እንጂ በሚሊሜትር አይደለም የሚቆጠረው። 203 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ያሉ ዶቶች ብዛት) ላይ 1 ሚሊሜትር 8 ዶት ነው፣ 300 ላይ ወደ 12 ይጠጋል። ስለዚህ 50 በ30 ሚሊሜትር የሆነ ሌብል አንዱ ላይ 400 በ240፣ ሌላው ላይ 600 በ360 ገደማ ይሆናል። ለ203 የተጻፈውን 300 ላይ ብትልኩት ተኮማትሮ ላይኛው ግራ ጥግ ይሰበሰባል፣ የተገላቢጦሽ ከሆነ ቀኙና ታቹ ተቆርጦ ይቀራል። ሚሊሜትር ተቀብላ የምታባዛ አንዲት ፈንክሽን ጻፉና ተገላገሉ።

ኤልኤች (የሌብሉን መነሻ ነጥብ የሚወስነው ኮማንድ) ላይም ተጠንቀቁ፣ አንዴ ከላካችሁት ፕሪንተሩ እስኪጠፋ ወይ ሌላ እስኪላክ ድረስ ለሚቀጥሉት ሌብሎችም ይሠራል። የሰው ሌብል ተንሸራቶ ሲወጣ ጥፋቱ ቀድሞ ያተመው ሰው ሊሆን ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት። ከዳታቤዝ የመጣ የዕቃ ስም ውስጥ ^ ወይ ~ ካለ ፕሪንተሩ ኮማንድ ይመስለዋል፣ ከዛ በኋላ ያለው ጽሑፍ ይበላሻል። መፍትሄው ከኤፍዲ (የሚታተመውን ዳታ ከሚያስጀምረው ኮማንድ) በፊት ኤፍኤች ብሎ ምልክቱን በሄክስ (በኮድ ቁጥሩ) መጻፍ ነው፣ ^ን _5ኢ፣ ~ን _7ኢ ብሎ። ግን ኤፍኤች ስታስገቡ አንደርስኮር ራሱ ልዩ ትርጉም ያገኛል፣ ኮዱ 7_41 የሆነ ዕቃ 7ኤ ሆኖ ቁጭ ይላል ምክንያቱም 41 በሄክስ ኤ ነው። አንደርስኮሩንም _5ኤፍ ማድረግ ነው እንግዲህ። ይሄን ያወቅኩት ስካነሩ ዕቃው የለም ሲለኝ ነው፣ ዕቃው ፊቴ ተቀምጦ።

ኪውአር ላይ ደሞ ከዳታው በፊት ኪውኤ እና ኮማ ካላስገባችሁ የሊንካችሁን የመጀመሪያ ፊደሎች ይበላቸዋል።

ባርኮድ ቦታ አልበቃ ሲል ቢዋይን (የቀጭኑን መስመር ስፋት በዶት የሚወስነውን ኮማንድ) 1 ማድረግ ያጓጓል፣ 203 ላይ ግን ቀጭኑ መስመር 0.125 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሆን ብዙ ስካነር አያነበውም። የባርኮዱ ዓይነት ኮድ 128 ከሆነና ዳታው ቁጥር ብቻ ከሆነ ወደ ሲ ሰብሴት (ለቁጥር ወደተሠራው ክፍሉ) ቀይሩት፣ ሁለት ዲጂት በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ያጥራል። ግራና ቀኙንም ባዶ ተዉት፣ የቀጭኑን መስመር 10 እጥፍ ያህል።

አማርኛ ማተም ለምትፈልጉ፣ ሲአይ28 የሚባለው ኮማንድ ዩቲኤፍ 8ን (የብዙ ቋንቋ ፊደሎችን የሚይዘውን የጽሑፍ ኮድ) ይከፍታል እንጂ ፊደሉን አያመጣም። ግዕዝ ያለው ፎንት ፕሪንተሩ ውስጥ መጫን አለበት፣ አለዚያ ጽሑፋችሁን በምስል ቀይራችሁ ላኩት።