ፍቺ ከመጠየቅሽ በፊት፦ የጋራ ሀብት እንዳይሸሽ

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992፤ ክልሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው) የጋራ ሀብት በፍቺ ጊዜ እኩል ይከፈላል። ብዙ ሴቶች የሚጎዱት ለክፍፍል ሲደረስ የሚካፈል ነገር ስለማይገኝ ነው። ስለዚህ ሥራው አቤቱታው ከመግባቱ በፊት ይጀመራል።

መጀመሪያ ውክልና። «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ውክልና ለባልሽ ፈርመሽ ከነበረ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ ሻሪው፤ መሻሩንም ለእሱና ለባንኩ በጽሑፍ አሳውቂ። ውክልናው ሳይሻር ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ካርታ፣ ሊብሬ፣ የአክሲዮን ሰርተፍኬትና የባንክ ደብተር ኮፒ አድርጊ። ኮፒው ካልተገኘ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የካርታ ቁጥሩን፣ የባንኩን ቅርንጫፍና የሒሳብ ቁጥሩን ያዢ፤ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ጽፎ ማስረጃ እንዲቀርብ ሊያዝ ይችላል። «ብዙ ሀብት አለው፣ ይጣራልኝ» ብቻ ማለት ግን የትም አያደርስም።

«ቤቱ በእሱ ስም ነው» ብለሽ አትተይው። በአንቀጽ 63 መሠረት ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚል እሱ ያስረዳ። ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው ግን የግሉ ነው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩም ቢያንስ 3 ዓመት ከሞላቸው ያፈሩት የጋራ ነው።

አቤቱታው ላይ ፍቺውን ብቻ አትጠይቂ። ፍርድ ቤቱ ወደ ሽምግልና ሊመራችሁ፣ ካልተሳካም እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ንብረት የሚሸሸው በዚህ መሀል ነው። ስለዚህ ጊዜያዊ ቀለብ፣ የልጆች አያያዝና እግድ (ንብረቱ እንዳይሸጥ ወይም እንዳይተላለፍ የሚከለክል ትዕዛዝ) አብረው ይጠየቁ፤ የእግዱ ማመልከቻ በቃለ መሐላ ይደገፍ። ትዕዛዙ ሲወጣ ፖስታው መዝገብ ቤት እንዳይቀመጥ ራስሽ ተከታትለሽ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ፣ ለትራንስፖርት ቢሮውና ለባንኩ አድርሺ። በእጅሽ የሚቀረው ኮፒ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተምና ቀን ይኑርበት። ማህተም ከሌለ በኋላ «አልደረሰንም» ይሉሻል።

አስቀድሞ ተሽጦ ካገኘሽው ቀኑን ቁጠሪ። የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ እንዲሁም ከ500 ብር በላይ የሆነ የሚንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም (500 ብር በ1992 የተጻፈ ነው፤ ዛሬ ከዚያ በታች የሚሸጥ ዕቃ ጥቂት ነው)። ውሉ እንዲፈርስ የምትጠይቂው ካወቅሽ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ባታውቂም ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ መብቱ ይቀራል። «ሽማግሌ ይጨርስልን» እያሉ 6 ወሩን የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው።

ሌላው ወጥመድ በክፍፍል ጊዜ ብቅ የሚል የብድር ውል ነው። ገንዘቡ መቼ፣ በየትኛው ሒሳብ እንደገባና ለቤቱ ምን እንደተሠራበት ይጠየቅ። ለትዳር ጥቅም ያልዋለ ዕዳ የጋራ ዕዳ አይደለም።

የዳኝነት ክፍያ የማትችል በደሃ ደንብ (ክፍያውን ሳትከፍል) እንድትከስ ማመልከት ትችላለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ስትሄጂ ኮፒዎቹን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ።