የድሮ የእንግሊዝ የድንጋይ ቤት ግድግዳ ሲረጥብ፦ ችግሩና መፍትሄው

ኮትስዎልድስ በተባለው የእንግሊዝ ገጠር መንደሮች የድሮ የድንጋይ ቤት ስጠግን የምሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፦ ግድግዳው ያልበዋል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። አሸንዳው አለመደፈኑን፣ ቧንቧው አለማፍሰሱን አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ምልክቱ
የግድግዳው የታችኛው ክፍል ይጠቁራል፤ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ይወጣዋል። በውጭ በኩል ደግሞ የድንጋዩ ፊት እየተቀረፈ ይረግፋል።

ምክንያቱ
በኋላ ለጥገና የተጨመረ ሲሚንቶ ነው። እነዚህ ግድግዳዎች ውፍረታቸው ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ነው፤ በሁለት ፊት ድንጋይ መካከል ስብርባሪ ተሞልቶ በኖራ ወይም በአፈር ማልታ ተያይዘዋል። ከመሠረቱ በላይ የውሃ መከላከያ ንጣፍ የላቸውም። ዝናብ ትንሽ ይገባል፣ በመጋጠሚያው ኖራ በኩል ተንኖ ይወጣል። ለምሳሌ በቢበሪ መንደር ያለው አርሊንግተን ሮው የተባለ የቤቶች ረድፍ እ.ኤ.አ. በ1380 አካባቢ ለሱፍ ማከማቻ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሲሚንቶ መጋጠሚያውን ሲዘጋው ውሃው በለስላሳው የኖራ ድንጋይ በኩል ይወጣል፤ ጨው ይዞ ይመጣል፣ በብርድ ወራት በረዶ ሆኖ ድንጋዩን ይሰብረዋል። ድንጋዩ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ሲሚንቶው እንደ ፍሬም ብቻውን ወጥቶ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

አንዲት አዛውንት ሦስት ጊዜ ከፍለው ግድግዳቸውን አስበስተው እርጥበት ያግዳል የተባለ ኬሚካል አስወግተዋል። ባለሙያ ተብዬው ባለሁለት ሹል የእርጥበት መለኪያውን ተክሎ ቁጥሩን ሲያሳያቸው ደንግጠው ነው የፈረሙት። ያ መሣሪያ የተሠራው ለእንጨት ነው፤ ጨው ካገኘ ደረቅ ግድግዳ ላይም እርጥበት አለ ይላል። የሲሚንቶ ልስኑን በመሮ ሳነሳው ከመስኮቱ በላይ ያለው የኦክ እንጨት ተሸካሚ እንደ ቡና አተላ በጣቴ ተፈረፈረ። ሦስቱም ጊዜ ልስኑን የነካው ሰው አልነበረም። እስካሁን ያናድደኛል።

መፍትሄው
ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ አንሱ። ግራይንደር አታስገቡ! የድንጋዩን ጠርዝ አንዴ ከበላው አይመለስም። የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ቆፍሩ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ በውሃ አርሱት። 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ ሻካራ አሸዋ ቀላቅላችሁ አጥብቃችሁ ሙሉ። "ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ብናደርግበት" የሚል ግንበኛ ካለ አሰናብቱት። የፋሲልን ግንብ ያየ ጎንደሬ ኖራ ስንት ዘመን እንደሚይዝ ያውቃል።

ማልታው ሲጠና በጠንካራ ብሩሽ ምቱት፤ ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ከ5 ዲግሪ በታች አትሥሩ። ኖራ ዓይን ያሳውራልና መነጽር አድርጉ። ከግድግዳው ውጭ አፈር ተከምሮ ከወለሉ በላይ ከሆነ ዝቅ አድርጉት።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ከመንካታችሁ በፊት የአካባቢውን ምክር ቤት ጠይቁ፤ ባህሪውን የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው።

አልፎ አልፎ
እርጥበቱ ከላይ ከመጣ የጣሪያው ድንጋይ የተንጠለጠለበት የእንጨት ችንካር በስብሶ ይሆናል። የሌሊት ወፍ ካገኛችሁ ሥራ አቁሙ፤ በሕግ የተጠበቀች ናት።

ወፍራም ግድግዳ ለመድረቅ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈልጋል። እስከዚያ ቀለም አትቀቡ፤ ስትቀቡም የኖራ ቀለም ብቻ ይሁን።