የፔጆ 404 ሞተር ሲፈታ፦ የቱ ይድናል፣ የቱ ይጣላል?

ሐረር ላይ ፔጆ 404 ዛሬም ታክሲ ሆኖ ይሠራል። አውቶሞቢሉ ፈረንሳይ ውስጥ መመረቱ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1975 ስለሆነ ደህና ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወይም ክራንክሻፍት (ከታች የሚሽከረከረው ዘንግ፣ ክራንክ) ለቁራሌው ከተሰጠ ምትኩን ማግኘት ከባድ ነው። ማንኛውም ዕቃ ታጥቦ ሳይለካ አይጣል።

ዘይቱ ወተት መሰለ፣ ራዲያተሩ አረፋ ይተፋል

ከድሬዳዋ በደንገጎ በኩል ሽቅብ የሚወጣ መኪና ላይ የሚበዛው ይህ ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውሃው በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የአሉሚኒየሙ ቴስታታ በሙቀት ይጣመማል፣ በእሱና በብሎኩ (በሞተሩ አካል) መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል።

ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ ከላይ አይደለም። የዚህ ሞተር ካሚቻዎች (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች) ተነቃይ ናቸው፤ ውሃው በቀጥታ ይነካቸዋል፣ ከሥራቸውም ማሸጊያ አለ። ስለዚህ ቴስታታው ከመነሳቱ በፊት የዘይት ቋቱን አውርዱና ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ሳታሳልፉ ራዲያተሩን በእጅ ፓምፕ ግፊት ስጡት። ከካሚቻ ሥር ጠብ ካለ ጥፋቱ የማሸጊያው ነው፤ ቴስታታ ማስላግ (ፊቱን በማሽን ማስተካከል) ብቻውን አያድነውም።

ቴስታታውን ሽቅብ አትጎትቱት። ካሚቻውን ይዞ ይነሳና ደህናው ማሸጊያ ይበላሻል። ግራና ቀኝ በቀስታ እያወዛወዛችሁ አላቁት። ካነሳችሁት በኋላ ካሚቻዎቹን በቡሎንና በሰፊ ሮንዴላ ሳታስሩ ክራንኩን አታዙሩ።

ያልተጣመመ የብረት ማስመሪያ ቴስታታው ላይ በቁመትም በሰያፍም አስቀምጡ። ከሥሩ 0.05 ሚሊሜትር ስስ ብረት ካለፈ ይላጋል፤ የሚላገው ግን እስኪስተካከል ብቻ ነው። ብዙ ከተነሳለት ኮምፕሬሽኑ (እመቃው) ይጨምርና ሞተሩ ዳገት ላይ ይንኳኳል። በውሃ ቀዳዳ ዙሪያ የተበላ አሉሚኒየም በአርጎን ብየዳ ይሞላል፣ ከዚያ ይላጋል። ስንጥቁ የቫልቭ መቀመጫ ውስጥ ከገባ ግን ብየዳው ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ ሌላ ቴስታታ ፈልጉ።

ሰማያዊ ጭስ፣ ጉልበት ማጣት

ኮምፕሬሽን ለኩ፤ ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድጋሚ ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ካሚቻው አልቋል፤ ካልተለወጠ ቫልቩን እዩ። የካሚቻው የመጀመሪያ ስፋት 84 ሚሊሜትር ነው። የላይኛው ፋሻ ከሚደርስበት ትንሽ ዝቅ ብላችሁና ከታች ለኩት፤ ልዩነቱ ከ0.15 ካለፈ ወይም ጭረቱ ጥፍር ከያዘ አራቱንም ካሚቻ ከነፒስተናቸው ቀይሩ። ብሎኩ ይተርፋል።

ከታች ማንኳኳት፣ የዘይት ግፊት መውረድ

መጀመሪያ ክራንኩ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። ክራንኩን በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ጠመኔ ቀቡትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ጋዝ ጠመኔው ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው ክራንክ ይጣላል። በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ቢላም (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) አብሮት ይሂድ፤ ከተሰበረ ብሎኩን ይበሳል።

ክራንኩ ካልተሰነጠቀ በማይክሮሜትር ለኩት። ክብነቱ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተዛባ ቶርኖ ቤት ይስተካከላል። ብሮንዚኑን (ክራንኩ የሚሽከረከርበትን ስስ ሽፋን) ግን አስቀድማችሁ ግዙ፤ ክራንኩ የሚጠረበው እጃችሁ ላይ ባለው ብሮንዚን ልክ ነው።