ፈረስ ሲታጠብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የጋሪ ፈረስ ያለው ሰው ከሥራ መልስ እንስሳውን ይዞ ወደ ጣና ዳርቻ ቢወርድ አያስገርምም፤ ውኃው ቅርብ ነው፣ አይከፈልበትም። ሆኖም ፈረሱን እየጎተቱ ሐይቁ ውስጥ ማስገባት ከሁሉ በፊት ሊወገድ የሚገባው ስህተት ነው። ዳርቻው በየቦታው ረግረግ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭም የውኃውን ጥልቀት ስለሚሸፍንና እግር ስለሚጠላልፍ፣ መቆሚያ ያጣ ፈረስ በድንጋጤ ሲዘል ራሱንም የያዘውንም ሰው ይጎዳል። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ጉማሬ በዳርቻው እንደሚዘዋወር፣ ውኃው ውስጥ ቆሞ የሚያጥብ ሰውም ለብልሃርዝያ እንደሚጋለጥ መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ በማያንሸራትት ደረቅ መሬት ላይ፣ በጥቂት ባልዲ የቧንቧ ውኃ ማጠብ ይመረጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን አጀማመሩ ላይ ነው። ፈረስ ሸሽቶ የሚተርፍ እንስሳ ነው፤ ከግንባሩ ሥር በቅርብ ያለውንና ከጭራው በስተኋላ የቆመውን አያይም። ስለዚህ በራሱ ወይም በወገቡ ላይ ድንገት ውኃ የተደፋበት ፈረስ በሌላ ቀን ባልዲ ገና ከሩቅ ሲያይ ይሸሻል። መጀመሪያ ፈረሱ ባልዲውን ያሽትት፤ ከዚያም አጣቢው ከጎኑ ቆሞ ከፊት እግሩ ሰኮና ተነሥቶ ወደ ትከሻው፣ ወደ ጀርባው፣ በመጨረሻም ወደ ኋላ እግሮቹ ይለፍ፤ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጥረግለት። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ ወይም የዓይኑ ነጭ ጎልቶ ከታየ ተቆጥቷል ወይም ፈርቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሳይጮኹና ሳይመቱ ውኃውን ቀንሶ እዚያው ቦታ ላይ መቆየት፣ ሲረጋ ደግሞ ማቆም ይገባል፤ እየተወራጨ ሳለ ከተተወ መወራጨት እንደሚያዋጣው ይማራልና። በመጀመሪያው ቀን አንድ እግር ብቻ ታጥቦ ቢመለስ እንኳ እኔ ያን ቀን እንደባከነ አልቆጥረውም።

በልጓሙ ብረት ማሰር አፉን ያቆስላል፤ ጭንቅላቱ ላይ በሚጠለቅ የገመድ ማሰሪያ፣ ሲስቡት ወዲያው በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰር፤ ገመዱንም ማንም በእጁ ላይ አይጠምጥም። የልብስ ዱቄት ሳሙና የቆዳውን ወዝ ያጠፋል። ብሩሽ መዋዋስ ደግሞ የጋሪ ፈረሶችን ቆዳ በእባጭና በቁስል የሚጎዳውን ተላላፊ በሽታ ሊያሻግር ይችላል።

የሞቀው ፈረስ ቀዝቃዛ ውኃ ካገኘው ጡንቻው ይታሰራል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም፤ በሙቀት ተጎድቶ ለሚያለከልክ ፈረስ ያለማቋረጥ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ነፍሱን ሊያድን ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት እርጥብ ጀርባ ላይ የጋሪ ዕቃ መጫን ነው፤ የራሰ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። ረፋድ ላይ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ ሲለቀቅ አፈር ላይ ቢንከባለልም አይቆጡት፤ ሲደርቅ በብሩሽ ይራገፍለታል።