ኪስ ውስጥ የሚውል ሰንጢ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰንጢ ሎሚ በመቁረጥ፣ ሲባጎ በመበጠስ ወይም ቆሮሶ ዓሣ በማጽዳት አይበላሽም። ዕድሜውን የሚያሳጥረው ሥራው ካለቀ በኋላ ያለችው አንድ ደቂቃ ናት፤ እርጥቡን ታጥፎ ኪስ የሚገባባት። ጣና ሐይቅ አጠገብ ባለችው ባሕር ዳር ከተማ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። ሐምሌና ነሐሴ የታጠበ ልብስ እንኳ ተሰጥቶ ውሎ አይደርቅም፤ ማጠፊያ ውስጥ የቀረች የውሃ ጠብታማ መቼም አትደርቅም። ከታች የዘረዘርናቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህች ደቂቃ ጋር የተያያዙ ናቸው። የምንናገረው ስለ ባህላዊው ሰንጢ ነው፦ ብረቱ በጀርባ ሞላ ወይም በቀለበት የሚያዝ፣ እጀታው ከእንጨት፣ ከቀንድ ወይም ከአጥንት የሆነ።

በማብለጭለጩና በስሙ መግዛት

ቅዳሜ ገበያም ሆነ ሱቅ ውስጥ ሰንጢ ሲያነሱ መጀመሪያ ማጠፊያውን ይፈትሹ። ቀስ ብለው ይክፈቱት። ሞላው ጤነኛ ከሆነ ብረቱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ በራሱ ጉልበት «ቀጭ» ብሎ ይቀመጣል፤ ሲታጠፍም እንዲሁ። እንደተከፈተ የብረቱን ጀርባ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ያነቃንቁት፤ ከተወላወለ ሚስማሩ ላልቷል። ከዚያ ወደ ብርሃን ያንሱትና በሞላውና በእጀታው ጎኖች መካከል አሾልከው ይዩ። ብርሃን በሰፊው ካሳለፈ ውሃና አሸዋም በዚያው ይገባል። ሲታጠፍ ብረቱ መሃል ላይ መቀመጥ አለበት፤ ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ እጀታውን የሚፍቅ ከሆነ ይተዉት።

ቀጥቃጭ የሠራው ሰንጢ ከሆነ ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። ከመኪና ባሌስትራ ወይም ካረጀ ሞረድ የወጣ ብረት በቂ ካርቦን ስላለው፣ ግሎ ሲነከር ይጠነክራል። ከፌሮ የተሠራው ግን የቱንም ያህል ቢሳል አንድ ሸንኮራ ልጦ ሳይጨርስ ይደነዝዛል። ባለቤቱን አስፈቅደው ጥሩ ሞረድ ከእጀታው አጠገብ ባለው ስለት ላይ በስሱ ይጎትቱ፤ ከተንሸራተተ ወይም ጥቂት ብቻ ከያዘ ጠንክሯል፣ እንደ ሳሙና ከገባበት ለስላሳ ነው።

ስም ደግሞ ያታልላል። ላጊዮል የፈረንሳይ መንደርና የሰንጢ ዓይነት ስም ነው፤ የአንድ ፋብሪካ መጠሪያ አይደለም። ብረቱ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም።

ትልቁን መምረጥ

ለዕለት ሥራ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብረት ይበቃል። በጣም የታወቀው የፈረንሳዩ ሰንጢ፣ የኦፒኔል ቁጥር 8 እንኳ ብረቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለኪስ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ትልቁ ኪስ ይቀድዳል፣ ሲወጣ ሰው ያስደነግጣል፣ ፍተሻ ላይም እንደ ጦር መሣሪያ ይታያል።

ሎሚ ቆርጦ ማጠፍ

የዘጌ ሎሚ፣ ማንጎ፣ ቲማቲም፣ ሁሉም አሲድ አላቸው። የካርቦን ብረት ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለም ይቀይራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያምታታል። ሰማያዊ የሚመስለው ግራጫ ቀለም፣ ሰብሳቢዎች ፓቲና የሚሉት፣ ብረቱን የሚጠብቅ ስስ ሽፋን ነው፤ ሊያስፈራዎት አይገባም። ቀዩና በጣት ሲነኩት የሚሻክረው ዝገት ነው፤ እሱ ብረቱን ይበላዋል። ግራጫውን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቁ ብረቱን «የሚያጸዱ» ሰዎች ለቀዩ በር እየከፈቱለት ነው።

ፓቲናውን ራስዎ ማውጣት ይችላሉ። ብረቱን በሳሙና ያጥቡና በአልኮል ይወልውሉት፤ የጣት ቅባት ከቀረበት ቀለሙ ዥንጉርጉር ይሆናል። በብርጭቆ ውስጥ ለብ ያለ አቼቶ ያድርጉና የተከፈተውን ሰንጢ ጫፉን ወደ ታች አድርገው፣ ማጠፊያው ጋ ለመድረስ 1 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ይንከሩት። ትንንሽ አረፋ ይወጣል። ከ10 ደቂቃ በኋላ አውጥተው ያለቅልቁትና ላዩ ላይ የተሠራውን ጥቁር ጭቃ መሳይ ነገር በጨርቅ ይጥረጉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋግሙት ቀለሙ እኩል ይሆናል። መጨረሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያጥቡት፣ ያድርቁት፣ ዘይት ይቀቡት፣ ከዚያ እንደገና ይሳሉት፤ አቼቶው ስለቱን በጥቂቱ ያደነዝዘዋልና። ሌሊቱን ሙሉ ነክሮ ማሳደር ብረቱን ያቦረቡረዋል። አቼቶው ማጠፊያ ውስጥ ከገባ ደግሞ ዝገቱ የሚጀምረው ዓይን በማያይበት ቦታ ነው።

በየዕለቱ የሚደረገው ከዚህ ይቀላል፦ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በደረቅ መድገም፣ አምስት ደቂቃ ከፍቶ ማቆየት፣ ከዚያ ማጠፍ። «የማይዝግ» የሚባለውም ብረት ቢሆን ውሃ ከቆየበት ነጠብጣብ ያወጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። በፍስክ ሥጋ የቆረጠ ሰንጢ ማጠፊያው ውስጥ ሞራ ይይዛል። በጾም ከሰው ጋር ፍራፍሬ ተካፍለው የሚበሉ ከሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና ከውስጥ ድረስ መታጠብ አለበት፤ ወይም ለጾም ሌላ ሰንጢ ይያዙ። ጿሚውን ማክበር ነው፤ ሞራው ሲበላሽ ከሚያመጣው ሽታም ያድናል።

ማጠፊያውን በኑግ ዘይት ማለስለስ

ይህ ስህተት በጎጃም ቤት ሁሉ ያለ ነው፣ ምክንያቱም የኑግ ዘይት ከእጅ አይጠፋም። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ እየቆየ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። ላዩ ላይ ደግሞ የኪስ ብናኝ ይለጠፍበታል። ከወር በኋላ ሰንጢው ሲከፈት ጥፍር የሚሰብረው ሞላው ጠንክሮ አይደለም፤ ዘይቱ ደርቆ ነው።

የተጣበቀውን ለማስለቀቅ ሁለት ሦስት ጠብታ ነጭ ጋዝ ማጠፊያው ውስጥ ያድርጉ፤ ሃያ ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ይክፈቱ ይጠፉ፤ የሚወጣውን ቡናማ ቆሻሻ ይጥረጉ፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁት። ከዚያ ለማጠፊያው አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። አንድ ጠብታ ስንል አንድ ነው፤ ከበዛ አቧራ ይሰበስባል። ምግብ ለሚነካው ብረት ግን ከፋርማሲ የሚገዛው ፈሳሽ ፓራፊን ይሻላል፤ አይደርቅም፣ ሽታ የለውም፣ አይጎዳም። የመኪና ሞተር ዘይት ምግብ የሚነካ ብረት ላይ አይቀባም።

ለእንጨት እጀታ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚፈለገው የሚደርቅ ዘይት ነው። የተልባ ዘይት በስሱ ቀብተው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጠርገው ለጥቂት ቀናት ይተዉት። የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨበጠ ጨርቅም በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ደጅ ያድርቁት።

ዓሣ አጽድቶ በሐይቁ ውሃ ማለቅለቅ

የቆሮሶ ቅርፊትና ዝልግልጉ ሞላው ሥር ይገባሉ፤ ከዳር የሚቀዳው ውሃ ደግሞ ደቃቅ አሸዋ ይዞ ይመጣል። አሸዋው ሰንጢው በተከፈተና በታጠፈ ቁጥር ሚስማሩን ይሞርደዋል፤ የመወላወል መነሻው ይህ ነው። ቤት ሲደርሱ ሰንጢውን ከፍተው በንጹሕ ውሃ፣ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ውስጡን ይፍተጉት። የጨርቅ ጫፍ በስንጥር እየገፉ ያድርቁትና ክፍቱን ጥላ ውስጥ ያሳድሩት። የአምባዛ ጭንቅላት በሰንጢ አይቆረጥም። አጥንቱ ጠንካራ ነው፤ ሲጫኑት ጉልበቱ ሁሉ አንዲት ሚስማር ላይ ያርፋል። ለዚያ የወጥ ቤት ቢላዋ አለ።

ታንኳ ወይም ጀልባ ላይ ከሆኑ ሰንጢውን በ50 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ ከቀበቶዎ ጋር ይሰሩት። ጣና ጥልቅ ሐይቅ ባይሆንም፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የወደቀ ሰንጢ አይመለስም።

ያበጠን እጀታ በጉልበት መክፈት

ኦፒኔልና መሰሎቹ ብረታቸው የሚገባው በእንጨቱ ውስጥ በተቀደደ ስንጥቅ ነው። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ ብረቱንም ነክሶ ይይዛል። በፒንሳ መሳብ ብረቱን ይጭራል፣ ጣትም ይቆርጣል። ፈረንሳዮች የሚያደርጉት የእጀታውን ኋላ በጠንካራ ነገር ላይ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ብረቱ ጥፍር እስኪይዘው ድረስ ብቅ ይላል። ከዚያ ክፍቱን ጥላ ውስጥ ለቀናት ይተዉት። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ካደረቁት ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላ የስንጥቁን ውስጥ በታጠፈ ብርጭቆ ወረቀት በጥቂቱ ፈግፍገው የተልባ ዘይት ያጠጡት፤ ለሚቀጥለው ክረምት ይዘጋጃል።

በግራይንደር ማስሳል

ግራይንደር በሰከንዶች ውስጥ ብልጭታ ያወጣል፣ ስለቱም ለቀኑ ምላጭ ይመስላል። ነገር ግን ስሱ ጠርዝ ይግላል፤ ሰማያዊ ቀለም ካዩ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል፣ ያ ቦታም ጥንካሬውን አጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቶሎ ቶሎ ይደነዝዛል፣ ባለቤቱም እንደገና ወደ ግራይንደሩ ይወስደዋል፣ ብረቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ወስፌ ይቀጥናል።

በእጅ መሳል 15 ደቂቃ ነው። ባለ ሁለት ገጽ መሳያ ድንጋይ፣ አንዱ ገጽ 400 ሌላው 1000 ቁጥር፣ ለሰንጢ ይበቃል። ትልቁ ቁም ነገር ዘንበል ማድረጊያው ነው፦ ብረቱ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ጀርባውን ከድንጋዩ ላይ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉ፤ ይህ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይሰጣል። ስለቱ የድንጋዩን ስስ ልጣጭ የሚያነሳ ይመስል ወደፊት ይግፉ። በአንዱ ጎን እየሳሉ ሳሉ በሌላው ጎን፣ ከጀርባ ወደ ስለት በጣት ሲዳስሱ፣ የምትሻክር ቀጭን የብረት ክር ትሰማለች። ያቺ ክር ከእጀታ እስከ ጫፍ ካልወጣች ስለቱ ጠርዙ ላይ አልደረሰም፤ ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ ያቆምና «ብረቱ አይሳልም» ይላል። ክሯ ስትወጣ ጎን ይቀይሩ፣ በ1000ው ይድገሙ፣ ከዚያ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ጀርባውን አስቀድመው በየጎኑ 15 ጊዜ ይጎትቱ።

ድንጋይ ከሌለ ስኒ ገልብጡ። ግርጌው ላይ ያለው ያልተለሰነ ቀለበት ጠንካራ ሸክላ ስለሆነ ጥቂት የደነዘ ስለትን ይመልሳል። ያው ሸክላ ግን ሥጋ ወይም ሎሚ ሳህን ላይ ሲቆርጡ በአንድ አፍታ ያደነዝዛል፤ መክተፊያ እንጨት ይጠቀሙ። የበር ደፍ ሲሚንቶ ስለቱን ይሸርፋል።

ሞላን እንደ ቁልፍ ማመን

የጀርባ ሞላ ብረቱን ይይዛል እንጂ አይቆልፍም። ሲቆርጡ ግፊቱ ወደ ስለቱ ስለሚሄድ ሰንጢው ክፍት ይቆያል፤ በጫፉ ሲወጉ ወይም የተቀረቀረ ብረት ሲስቡ ግን ግፊቱ ይዞርና በጣት ላይ ይታጠፋል። ጆንያ መብሳት ካለብዎት ወስፌ ይያዙ። ኦፒኔል ከ1955 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚዞር የመቆለፊያ ቀለበት አለው፤ ሳያዞሩት መጠቀም ግን እንደሌለ ይቆጠራል።

ሰንጢ ይዞ መሆንን መርሳት

ባንክ፣ መሥሪያ ቤት፣ ስታዲየም፣ መናኸሪያ፣ ሆቴል፣ ሁሉም ጋ ፍተሻ አለ። እንዲህ ያለ ቦታ በሚሄዱበት ቀን ሰንጢውን ቤት ይተዉት። ከረሱ ፈታሹ ከማግኘቱ በፊት ራስዎ ይናገሩ፣ ታጥፎ ይስጡ። ከባሕር ዳሩ በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ለመብረር ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት፤ በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ይወሰዳል። ሲይዙትም ለብቻው ኪስ ይስጡት፤ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ከሆነ እጀታው ይጫጫራል።

አሮጌውን አዲስ ማስመሰል

ስብስብ የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ስህተቱ ማወልወል ነው። ከብረቱ ሥር፣ ማጠፊያው አጠገብ ያለችው ማኅተም የሰንጢው የልደት ወረቀት ናት። ኦካፒ የሚባለውን ሰንጢ እንውሰድ፦ እ.ኤ.አ. በ1902 በጀርመን መሠራት ጀመረ፣ በ1988 ምርቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ። ማኅተሙ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ የቱ ዘመን እንደሆነ የሚናገር አይኖርም። ቀይ ዝገት ካለ በዘይት አርሰው፣ በመዳብ ሳንቲም ጠርዝ ወይም በለስላሳ እንጨት ይፋቁ፤ ግራጫውን ይተዉት።

በቆዳ አፎት አኑሮ መርሳትም ያው ነው፤ ቆዳ እርጥበትና የፋቂውን ጨው ይይዛል። ፕላስቲክም ላቡን ያፍናል። የጥጥ ጨርቅ ላይ ክፍት መሳቢያ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የተገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አብረው ያኑሯቸው። የቀንድ እጀታን ብል ይበላዋል፤ ደቃቅ ቀዳዳና ዱቄት ካዩ ለይተው ያውጡት። ከ1950 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠሩና ብርማ ወይም ኤሊ መሳይ የሴሉሎይድ እጀታ ያላቸው ሲያረጁ የሚለቁት ጋዝ የጎረቤቶቻቸውን ብረት ያዝጋል፤ እነሱን ለብቻ፣ አየር በሚገባበት፣ ከእሳት ርቀው ያስቀምጧቸው።

የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለውን አይግዙ። ከደሴት ገዳማት የወጣ ነው ተብሎ የሚቀርብልዎትንም እንዲሁ፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃም ባለቤት አለው።

ለቀሩት አንድ ደብተር ይክፈቱ፦ የተገዛበት ቀንና ቦታ፣ ዋጋ፣ የብረቱ ርዝመት በሚሊ ሜትር፣ ማኅተሙ፣ ያለበት ጉድለት። በክረምት በየ15 ቀኑ፣ በበጋ በየሁለት ወሩ እያንዳንዱን ከፍተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ፓራፊን ያስነኩ፣ ቀኑንም እዚያው ላይ ይጻፉ።