ሙሉ ውጤት ያመጡ ልጆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክቱ ተማሪዎችን ማማከር ከጀመርኩ ወዲህ መስከረም በጠባ ቁጥር የሚደወልልኝ ስልክ አንድ ዓይነት ነው። «መምህር፣ ልጄ በመግቢያ ፈተናው፣ በኤስኤቲ፣ 1550 አምጥቷል፤ ለጥቅምቱ ፈተና እንደገና ላስመዝግበው?» አያስመዝግቡት እላለሁ። ያስመዘግቡታል።

1550ን 1600 ለማድረግ መድከም። ከስህተቶቹ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ፈተናው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ሒሳብ፣ ሁለተኛው ንባብና ጽሑፍ። እያንዳንዱ ከ800 ይታረማል። ከጫፉ አካባቢ አንድ ጥያቄ መሳት 10 ወይም 20 ነጥብ ሊያስቀንስ ስለሚችል፣ 1550ን ከ1600 የሚለዩት ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው፤ ልጁ በዋዜማው በደንብ ከተኛ የሚያገኛቸው፣ ካልተኛ የሚስታቸው። ማመልከቻውን የሚያነበው የቅበላ ባለሙያ ውጤቱን የሚያየው «ይህ ልጅ ትምህርቱን ይችለዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። 1550 «አዎ» ብሎ መልሶለታል። 1600 ምን ይጨምርለት?

ሙሉ ውጤት ብርቅ ነው ለሚሉኝ በቅበላ አሠራሩ ምክንያት በሃርቫርድ ላይ በቀረበው ክስ ፍርድ ቤት የወጣውን ቁጥር እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለሚመረቀው ክፍል ካመለከቱት 26,000 ያህል የአገር ውስጥ ተማሪዎች በሒሳብ 800 የነበራቸው ከ3,000 ይበልጡ ነበር፤ በንባቡ ደግሞ 2,700 ገደማ። ቦታው 1,600 ያህል ነው። ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ የደፈኑትን ብቻ ቢቀበል እንኳ ግማሽ ያህሉ ደጅ ይቀራሉ።

እኔም ከዚህ ስህተት ንጹሕ አይደለሁም። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን 1560 ያመጣችን ልጅ «አንድ ጊዜ ድገሚው» አልኳት። ልጅቷ በሰፈሯ የሚያልፈውን ጅረት ውኃ በየሳምንቱ እየለካች ሁለት ዓመት ሙሉ በደብተር ስትመዘግብ ነበር። የዕረፍቱን ወራት በልምምድ ፈተና አሳለፈችና 1590 አመጣች። ደብተሩን ስታሳየኝ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባዶ ነበር። ከምትመኛቸው ትምህርት ቤቶች አንዱም አልተቀበላትም። ምክንያቱ ያ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ገጾቹን ባዶ ያስቀራቸው ግን የእኔ ምክር ነው።

ከማመልከቻው ጋር በሚላከው ድርሰት ስለ ውጤት መጻፍ። ቁጥሩ ሌላ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ አንባቢው አይቶታል።

በአሮጌ ወሬ መመራት። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ፈተናውን በፈቃደኝነት አደረጉት። «ፈተና ቀረ» የሚለው ወሬ ዛሬም አለ። ኤምአይቲ በ2022 መልሶ ግዴታ አደረገው፤ በ2024 ደግሞ ዳርትማውዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ እንደሚመልሱት አስታወቁ። በርክሌይና ዩሲኤልኤ የሚገኙበት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን ለቅበላ ጨርሶ አያየውም። ስለዚህ በ1600 ተመክቶ በርክሌይ ለሚያመለክት ልጅ እዚያ ውጤቱን የሚያይለት ሰው የለም። የየትምህርት ቤቱን መመሪያ በየዓመቱ ከራሱ ድረ ገጽ ያንብቡ፤ ከአጎት ልጅ አይጠይቁ።

ደህና ውጤትን መደበቅ። የመጀመሪያው ስህተት ግልባጭ ነው። 1600 ካልሆነ ያሳፍራል ብለው ውጤታቸውን የማይልኩ አሉ። ዳርትማውዝ ፈተናውን ከመመለሱ በፊት መምህራኑ ባካሄዱት ጥናት፣ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ልጆች ቢልኩት የሚጠቅማቸውን ውጤት ሲደብቁ ተገኝተዋል። አንባቢው ውጤቱን የሚመዝነው ልጁ ከተማረበት ትምህርት ቤትና ካደገበት ሁኔታ ጋር ነው።

የድጋፍ ደብዳቤን በመጨረሻው ሳምንት መጠየቅ። በ11ኛ ክፍል ማብቂያ ጠይቁ። ደግሞም ከፍተኛ ማርክ የሰጣችሁን መምህር ሳይሆን ስትከራከሩ፣ ስትሳሳቱና ስታርሙ ያያችሁን።

«1600 ካመጣ ስኮላርሺፕ ያገኛል» ብሎ መቀመጥ። በዚህ ብዙ ወላጅ አዝኗል። አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንቱ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሃርቫርድን ጨምሮ፣ በውጤት ብልጫ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የላቸውም፤ የሚረዱት የቤተሰቡን አቅም አይተው ነው። እርዳታው ግን ትልቅ ነው። ሃርቫርድ ከ2025 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር የሆነና ሀብታቸው ከተለመደው የማይበልጥ ቤተሰቦች ምንም እንዳይከፍሉ፣ እስከ 200,000 ላሉት ደግሞ የትምህርቱ ክፍያ እንዲቀርላቸው ወስኗል። ይህ የሚገኘው በፈተና ሳይሆን ቅጽ በመሙላት ነው። ልጁን ለአራተኛ ጊዜ ወደ ፈተና አዳራሽ የሚያደርሱ አባት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን የእርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሲፈልጉ አይቻለሁ።

ከባድ ትምህርት ቤቶችን ብቻ መዘርዘር። በ2024 ሃርቫርድ ለመግባት ካመለከቱት 54,000 ያህል ተማሪዎች የተቀበላቸው ከ2,000 ያንሳሉ። በዝርዝሩ ላይ እንደሚቀበሉት የማይጠራጠርባቸውና ደስ ብሎት የሚሄድባቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች የሌሉትን ልጅ ማመልከቻ፣ 1600ም ቢያመጣ፣ ማንበብ አልጀምርም።