እባካችሁ እርጥብ ዋልካ አትቆፍሩ (እና ሌሎች የጋራ ጓሮ ጥፋቶች)

ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ ከጎረቤት ጋር ተሰባስበን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት ምናምን መትከል ከጀመርን ስድስተኛ ክረምታችን ነው። በየዓመቱ አዲስ ሰው ይመጣል፣ ጥፋቱ ግን ያው ነው።

እርጥብ አፈር መቆፈር። ሰኔ ላይ ሁለት ቀን ከዘነበ ሁሉም ዶማ ይዞ ይወርዳል። ኧረ ተዉ! የኛ አፈር ዋልካ ነው፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ዝናብ ሲያገኝ ደግሞ ጫማ ይዞ ያስቀራል። እርጥብ እያለ ስትቆፍሩትና ስትረግጡት አየርና ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል፣ ከዛ ፀሐይ ሲያገኘው ጡብ ነው የሚሆነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ቅዳሜ አስራ ምናምን ሰው ሆነን ሙሉውን ገለበጥነው፣ ፎቶ ተነሳን፣ ቴሌግራም ላይ ለጠፍን፣ አንዲት እናት ከበረንዳቸው ሆነው "ልጆቼ ቤት ልትመርጉ ነው እንዴ ጭቃ የምታቦኩት?" ሲሉን ሳቅን። መስከረም ላይ ጓሉን በመዶሻ ሰበርነው። እውነቴን ነው፣ በመዶሻ!

ስንዝር ያህል ወረድ ብላችሁ አንድ ጭብጥ አፈር አውጡና ጨምቁት፣ ከዛ በጣት ነካ አድርጉት። ከተፈረፈረ ቆፍሩ፣ እንደ ሊጥ ከተያያዘ ዶማውን መልሱና ቡናችሁን ጠጡ። አዲስ አበባ ላይ ጥሩው ጊዜ በልጉ ሲያካፋ ነው፣ መጋቢትና ሚያዝያ። ዘንድሮ አንድ ልጅ "ዘንቧል፣ እንውረድ?" ብሎ ደወለልኝ፣ ጨምቀህ እይ አልኩት፣ የጭቃ ኳስ ፎቶ ላከልኝ። ይሄ ልጅ ገበሬ ይወጣዋል።

መደቡን ጠፍጣፋ መተው። ዋልካ ላይ ውሃ ይተኛል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው መደቡን በእጁ ከፍ እያደረገ ውሃውን በቦይ የሚያስወጣው ወዶ አይደለም። ስፋቱን ከ1 ሜትር ከ20 አታሳልፉት፣ ካለበለዚያ መሀሉ ጋ ለመድረስ ትረግጡታላችሁ።

አሸዋ መጨመር። አንድ ሁለት ጋሪ አሸዋ ዋልካ አያላላም። ኮምፖስት ነው የሚያላላው፣ እሱም በአንድ ዓመት አይደለም።

ሰጋቱራ መቅበር። ይሄን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። እንጨት ቤት በነፃ ሲሰጡኝ ሁለት ማዳበሪያ (ጆንያውን ማለቴ ነው) ተሸክሜ መጥቼ ከአፈሩ ጋ አደባለቅኩት፣ ጎመኑ በሙሉ ቢጫ ሆነ። እንጨቱን የሚያበሰብሱት ፈንገስና ባክቴሪያዎች የአፈሩን ናይትሮጅን ለራሳቸው ይወስዱታል፣ ለጎመኑ የሚተርፍ የለም። ላይ ላዩን መነስነስ ችግር የለውም፣ ጥፋቱ መቅበሩ ነው። ጎረቤቶቼ እስካሁን "ሰጋቱራው" ይሉኛል።

ትኩስ የዶሮ ኩስ። ችግኙን ያቃጥለዋል። ከቅጠልና ገለባ ጋ ቢያንስ 3 ወር ይብሰል።

ከሥር ያለውን ሳያዩ መጀመር። ግንባታ የነበረበት ግቢ ከሆነ ከላይ ስንዝር አፈር፣ ከሥሩ ገረጋንቲ፣ ምስማርና ፌስታል ነው የሚጠብቃችሁ፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቦታ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ሳታዩ ዘር እንዳትገዙ።

ሰርዶን በዶማ መከታተፍ። ሥሩ አስር ቦታ ሲቆረጥ አስር ሰርዶ ይሆናል። ቁጭ ብላችሁ ሥሩን እየተከተላችሁ በእጃችሁ ልቀሙት፣ የለቀማችሁትንም ኮምፖስቱ ውስጥ አትጣሉት፣ ባለፈው ማን እንደጣለው አውቃለሁ ግን ስም አልጠራም።